ሳይቃጠል በቅጠል፦ የማይግሬን መከላከያ መድኃኒት እንዴት ይፈተናል?

(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የበዓሉ ዝግጅት ኮሚቴ በጤና ጉዳይ ላይ ንግግር እንዳደርግ ሲጠይቀኝ፣ «እኔ ነጋዴ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ትምህርቴም ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም» ብዬ ነበር። የተሰጠኝ መልስ ግን «ሐኪም የሚያውቀውን ሐኪም ይናገራል፤ አንተ ከባንኮኒ ጀርባ ሆነህ ያየኸውንና ከዚያ ወዲህ አንብበህ የተረዳኸውን ንገረን» የሚል ሆነ። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው እንደ ሐኪም ሳይሆን እንደ አንድ የማኅበር አባል ነው። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባሕሪ ውስጥ ሱቅ ይዤ በኖርኩባቸው ዓመታት፣ ከስኳርና ከሻይ ቅጠል ቀጥሎ ወገኖቻችን አዘውትረው የሚጠይቁኝ የራስ ምታት ክኒን ነበር። እኔ መድኃኒት ስለማልሸጥ በአቅራቢያችን ወዳለው ሰይደሊያ እልካቸዋለሁ። ከሚጠይቁት አብዛኞቹ በሰው ቤት የሚሠሩ፣ ወይም ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ሻይና ቡና የሚሸጡ እህቶቻችን ነበሩ። ግንባራቸውን በሻሽ ጠፍረው አስረው፣ አንድ ዓይናቸውን በእጃቸው ከልለው ይመጣሉ። አንዳንዷ በሳምንት ሁለቴ፣ አንዳንዷ በየቀኑ ነው የምትመጣው። «ምች ነው»፣ «የዓይን ጥላ ነው»፣ «ሐሳብ ነው» ይባላል። በራስ ምታት ምክንያት ሦስት ቀን ከሥራ ቀርታ አሠሪዋ «ታማርጣለሽ» ብላ ያሰናበተቻትን አንዲት እህት አውቃለሁ። ይህ ሕመም በውጭ አይታይም፤ ቁስል የለው፣ እብጠት የለው። ስለዚህ ታማሚው ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ አንድ ጊዜ በሕመሙ፣ ሌላ ጊዜ በሚያምነው ሰው እጦት።

ለመሆኑ ማይግሬን ምንድን ነው? ስሙ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ግማሽ ራስ» ማለት ነው። ዐረቦችም «ሸቂቃ» ይሉታል። እኛም «ራሴን ይፈልጠኛል» የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙውን ጊዜ በአንድ ወገን ይነሣል፤ እንደ ልብ ምት ይመታል፤ ሲንቀሳቀሱ ይብሳል፤ ማቅለሽለሽ ያመጣል፤ ብርሃንና ድምፅ ያስጠላል። ካልታከመ ከ4 ሰዓት እስከ 3 ቀን ሊቆይ ይችላል። አንዳንዱ ሰው ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት ዓይኑ ላይ ብልጭታ ወይም የተሰባበረ መስመር ይታየዋል።

በአገራችንም ተጠንቷል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በመካከለኛው ኢትዮጵያ ገጠር 15,000 የሚያህሉ አዋቂዎችን መርምረው በ1995 ያሳተሙት ጥናት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ማይግሬን የያዛቸው ከመቶ 3 መሆናቸውን አመልክቶ ነበር። በ2016 የታተመው፣ እርሳቸውም የተሳተፉበት ሌላ ጥናት ግን ከከተማም ከገጠርም ቤት ለቤት ተጠይቆ ከመቶ 17.7 ደርሷል። ይህ ማለት በሽታው በሃያ ዓመት ስድስት እጥፍ አደገ ማለት አይደለም፤ የሚጠየቁት ሰዎችና የአጠያየቁ መንገድ ሲለያይ ቁጥሩም ይለያያል። ነገር ግን ከስድስት አዋቂ አንዱ ገደማ ማለት፣ በዚህ አዳራሽ ውስጥ በየረድፉ አንድ ሁለት ሰው አለ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የማይግሬን መድኃኒት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሕመሙ ሲነሣ የሚወሰድ ማስታገሻ ነው። ሁለተኛው ሕመም ኖረም አልኖረም በየቀኑ ወይም በየወሩ የሚወሰድ፣ የሕመሙን ቀናት ለመቀነስ የታሰበ መከላከያ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ይህ ሁለተኛው ነው። ከወገኖቻችን አብዛኞቹ የመጀመሪያውን እንጂ ሁለተኛውን አያውቁም። አለማወቁ ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል፤ ምክንያቱም እንደ ፓራሲታሞል ያለውን ተራ ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ኤርጎታሚንና ካፌይን የተቀላቀለበትን ወይም ሌሎቹን ጠንካራ ክኒኖች ደግሞ 10 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት የወሰደ ሰው፣ መድኃኒቱ ራሱ ሌላ የራስ ምታት ያመጣበታል። በየቀኑ ክኒን ፍለጋ የምትመጣው እህት እሳቱን በጋዝ እያጠፋች ነበር ማለት ነው።

የመከላከያ መድኃኒት ታሪክ ደስ የሚል ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብላክ ለልብ ሕመም ፕሮፕራኖሎል የተባለውን መድኃኒት ሠራ፤ በዚህና በሌላ ሥራውም በ1988 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በ1966 በታተመ አንድ ጥናት ላይ፣ ይህን መድኃኒት ለደረት ውጋት ይወስድ የነበረ ሕመምተኛ ማይግሬኑ እንደተሻለው ተናገረ። ሐኪሞቹም «አጋጣሚ ነው» ብለው አልተዉትም፤ በሌሎች ሕመምተኞች ላይ በሥርዓት ፈተኑት፣ ሠራ። ዛሬ ፕሮፕራኖሎል በዓለም የጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ለማይግሬን መከላከያነት የሰፈረ፣ ዋጋውም ቀላል የሆነ ክኒን ነው።

ሁሉም ታሪክ ግን እንዲህ አላማረም። በ1959 ሲኩቴሪ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም ሜቲሰርጃይድ የተባለውን መድኃኒት ለማይግሬን መከላከያ አቀረበ። መድኃኒቱ ይሠራ ነበር። ሆኖም ለረጅም ጊዜ በወሰዱት አንዳንድ ሰዎች ላይ በኩላሊት ቱቦዎች ዙሪያ፣ በልብና በሳንባም ላይ ጠባሳ እንደሚያበቅል በ1960ዎቹ ታወቀ፤ በኋላም ከገበያ ወጣ። ስለዚህ ፈተናው «ይሠራል ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ምን ይጎዳል?» የሚለውንም መመለስ አለበት፤ ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል።

እንግዲህ መድኃኒት እንዴት ይፈተናል? በነጋዴ ቋንቋ ልንገራችሁ። ዘይት በጀሪካን ስንመዝን አስቀድመን ባዶውን ጀሪካን እንመዝናለን። ያን ሳይቀንስ የሚሸጥ ሰው የፕላስቲኩን ክብደት በዘይት ዋጋ ሸጠ ማለት ነው። በመድኃኒት ሙከራም ባዶው ጀሪካን አለ፤ ሐኪሞች ፕላሴቦ ይሉታል። መልኩ መድኃኒት የሚመስል፣ ውስጡ ግን መድኃኒት የሌለበት ክኒን ወይም መርፌ ነው። ለምን አስፈለገ ቢባል፣ ማይግሬን ራሱ ይመጣል፣ ራሱ ይሄዳል። ሰውም ሐኪም ዘንድ የሚሄደው ሕመሙ በባሰበት ወር ነውና በሚቀጥለው ወር ምንም ባይወስድም ሊሻለው ይችላል። ሐኪም ማግኘቱና ተስፋ ማድረጉም ራሱ ያሽላል። ይህ ሁሉ የጀሪካኑ ክብደት ነው።

ማን መድኃኒቱን፣ ማን ባዶውን ያግኝ የሚለው ደግሞ በዕጣ ይወሰናል። ዕቁብ የጣለ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ዳኛው ለወዳጁ ቢያደላ ዕቁቡ ይፈርሳል፤ ሐኪሙም ቀለል ያለ ሕመም ያለበትን መርጦ መድኃኒቱን ቢሰጥ ፈተናው ይፈርሳል። ከዚህም ሌላ ዕጣው ለማን እንደ ደረሰ ሕመምተኛውም ሐኪሙም እስከ መጨረሻው አያውቁም። ካወቁ ልባቸው ሚዛኑን ይጫነዋልና።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ሳይንቲስቶች ማይግሬን ሲነሣ ሲ.ጂ.አር.ፒ. የተባለ ንጥረ ነገር በሰውነት ውስጥ እንደሚበዛ ደረሱበት። በዚህ መስክ የደከሙት ኤድቪንሰን፣ ጎድስቢ፣ ሞስኮዊትስና ኦሌሰን በ2021 ታላቁን የአንጎል ጥናት ሽልማት በአንድነት አግኝተዋል። ያን ንጥረ ነገር ሥራውን እንዳይሠራ የሚከለክል ኤረኑማብ የተባለ መርፌ ተሠርቶ በ955 ሰዎች ላይ ተፈተነ፤ ውጤቱም በ2017 ታተመ። ሰዎቹ ሲጀምሩ በወር በአማካይ 8.3 የማይግሬን ቀናት ነበሯቸው። ከፍተኛውን መጠን የወሰዱት 3.7 ቀን ቀነሰላቸው። ባዶውን መርፌ የተወጉት ደግሞ 1.8 ቀን ቀነሰላቸው። እንግዲህ ባዶውን ጀሪካን ስንቀንስ የመድኃኒቱ የራሱ ክብደት በወር ሁለት ቀን የማይሞላ ነው። ይህ አማካይ ስለሆነ አንዳንዱ ብዙ ይጠቀማል፣ አንዳንዱ ምንም አይጠቀምም። የሕመም ቀናቸው በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ የቀነሰላቸው በከፍተኛው መጠን ከመቶ 50፣ በባዶው ከመቶ 27 ገደማ ነበሩ። በ2018 አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ ግን ዋጋው በዓመት 6,900 ዶላር ተባለ። ይህን ስትሰሙ የእኛ ሰው ነገር ምን እንደሚሆን እናንተው ፍረዱ።

ሌላ ምሳሌ ደግሞ ልጆች ላላችሁ ወላጆች። አሚትሪፕቲሊንና ቶፒራሜት የተባሉት ክኒኖች አዋቂዎችን ስለሚረዱ ለልጆችም ይሰጡ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ከ8 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው 361 ልጆች በዕጣ ተመድበው ተፈተኑ። የራስ ምታት ቀናቸው ቢያንስ በግማሽ የቀነሰላቸው በአሚትሪፕቲሊን ከመቶ 52፣ በቶፒራሜት ከመቶ 55፣ በባዶው ክኒን ከመቶ 61 ሆኑ። ባዶው ጀሪካን ከሙሉው እኩል መዘነ ማለት ነው። መድኃኒቱን የወሰዱት ልጆች ግን ድካምና የመደንዘዝ ስሜት በዝቶባቸዋል። ፈተናው ከታቀደው ጊዜ ቀድሞ ቆመ፤ ውጤቱም በ2017 ታተመ። ያ ፈተና ባይደረግ ኖሮ ልጆች ያለ ጥቅም ጉዳቱን ብቻ ሲሸከሙ ይኖሩ ነበር።

አሁን «ይህ ሁሉ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ሊኖር ይችላል። የሚያገናኘን ነገር እጅግ ብዙ ነው። በሌላ አገር ሰው ላይ የሠራ መድኃኒት በእኛ ላይ እንዲሁ ይሠራል ማለት አይቻልም። ካላ አዛርን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በመተማ፣ በሑመራና በገዳሪፍ በኩል ለአዝመራ የሄደ ወጣት ይዞት የሚመለሰው በሽታ ነው። ፓሮሞማይሲን የተባለው መርፌ በሕንድ አገር ከመቶ 95 ያህል ሰው አዳነ። ያው መጠን፣ ለዚያው 21 ቀን፣ በሱዳን ሁለት የሙከራ ጣቢያዎች ሲሰጥ ግን ያዳነው ከግማሽ የሚያንሱትን ብቻ ነበር። ይህ የታወቀው በ2003 ካርቱም ላይ በተመሠረተው የምሥራቅ አፍሪካ የሌሽማኒያ ጥምረት ሥር፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲውን ፕሮፌሰር አስራት ኃይሉን ጨምሮ የእኛው ምሁራን፣ በእኛው አካባቢ ሕዝብ ላይ ስለፈተኑት ነው። በዚያው ጥረት ሁለት መድኃኒት አጣምሮ ሕክምናውን ከ30 ቀን ወደ 17 ቀን ማሳጠር ተችሏል።

ካርቱም ራሷም በዚህ ረገድ ስም ነበራት። የማይሴቶማ ምርምር ማዕከል ከ2017 ጀምሮ በ104 ሕመምተኞች ላይ በዕጣ የተመደበና ማን ምን እንደወሰደ ያልታወቀበት ሙከራ አካሂዷል። በየሳምንቱ የሚወሰድ አዲስ ክኒን በየቀኑ ከሚወሰደው ነባር መድኃኒት ጋር ተወዳደረ። በዚያ በሽታ ላይ እንዲህ ያለ ሙከራ ሲደረግ በዓለም የመጀመሪያው ነበር። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በተነሣው ጦርነት ማዕከሉ ወደመ፤ የአርባ ዓመት መዝገብም አብሮ ጠፋ። ባሕሪ ላይ ቤትና ሱቅ ያጣን ሰዎች ሐዘኑን እናውቀዋለን። የሱቅ ዕቃ ይተካል፤ የሕመምተኛ መዝገብ ግን አይተካም።

የማይግሬን መከላከያም እንዲሁ የአካባቢ ጉዳይ አለው። ቶፒራሜት ላብን ሊቀንስና የሰውነት ሙቀትን ሊያስጨምር፣ የኩላሊት ጠጠርም ሊያመጣ ይችላል። ይህን በቀዝቃዛ አገር የሚወስድ ሰው ብዙም ላይሰማው ይችላል፤ በካርቱም ግንቦት ፀሐይ ላይ ቁጭ ብላ ቡና ለምታፈላ ሴት ግን ሌላ ነገር ነው። ፕሮፕራኖሎል ለአስም ታማሚ አይሰጥም፤ የስኳር በሽተኛም ስኳሩ መውረዱን የሚነግረውን የልብ ምት ሊሸፍንበት ይችላል። ቫልፕሮት በእርግዝና ጊዜ ፅንስን ክፉኛ ይጎዳል፤ ቶፒራሜትም ለፅንስ አደጋ አለው። ልጅ የመውለድ ዕድሜ ላይ ያላችሁ እህቶቼ፣ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁ እናንተ ንገሩት።

ወደፊት ከእኛ አንዱ «በመድኃኒት ሙከራ ተሳተፍ» ቢባልስ? ስደተኛ ሰው በቀላሉ እሺ ይላል፤ ነፃ ሕክምና የሚያገኝ ይመስለዋል፣ እንቢ ቢል የሚባረር ይመስለዋል። በ1996 በናይጄሪያ ካኖ ከተማ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ በነበረ ጊዜ ፋይዘር የተባለው ኩባንያ 200 በሚሆኑ ሕፃናት ላይ ትሮቫን የተባለ መድኃኒት ፈተነ። ወላጆች «በቅጡ አልተነገረንም» ብለው ከሰሱ። ኩባንያው ጥፋቱን ባያምንም በ2009 ከካኖ ግዛት ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። ስለዚህ ፈቃዳችሁን ከመስጠታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

አንደኛ፣ ወረቀቱ በምሰማው ቋንቋ ተነቦልኛል ወይ? ሁለተኛ፣ ባዶው ክኒን ሊደርሰኝ ይችላል ወይ? ደርሶኝ ቢያመኝ ማስታገሻ ይፈቀድልኛል ወይ? ሦስተኛ፣ የሚታወቀው ጉዳቱ ምንድን ነው? ቢጎዳኝ የሚያሳክመኝ ማን ነው? አራተኛ፣ በፈለግሁ ጊዜ ባቆም ሕክምናዬ ይቋረጣል ወይ? አምስተኛ፣ ይህን ሙከራ የፈቀደው የሥነ ምግባር ኮሚቴ የቱ ነው? ስድስተኛ፣ ሙከራው አልቆ መድኃኒቱ ቢሠራ እኔ አገኘዋለሁ ወይ? ለእነዚህ መልስ የሚሰጥ ሰው ጋር መሥራት ክብር ነው፤ መልስ የሌለው ሰው ጋር ግን አትፈርሙ።

ትልቁ ሙከራ ወደ እኛ እስኪመጣ ድረስም፣ ሐኪም ያዘዘልንን መከላከያ በራሳችን ላይ በሥርዓት ልንፈትነው እንችላለን። ባለቤቴ የዚህ ሕመም ሰው ናትና ያደረግነውን ልንገራችሁ። በዱቤ ደብተር ያልተጻፈ ዕዳ እንደሚረሳ ነጋዴ ሁሉ ያውቃል፤ ሕመምም እንዲሁ ነው። መድኃኒቱን ከመጀመሯ በፊት አንድ ወር ሙሉ፣ ያመማትን ቀን ሁሉ በትንሽ ደብተር ላይ መዘገብን፤ ማስታገሻ የወሰደችበትንም ለይተን ጻፍን። 11 ቀን ሆነ። ሐኪሙ ፕሮፕራኖሎልን በትንሽ መጠን ጀምሮ ቀስ እያለ ጨመረላት። በመጀመሪያው ወር 10 ቀን ሆነና «አልሠራም፣ ልተወው» አለች። መከላከያ ሥራው የሚታወቀው ከሁለት እስከ ሦስት ወር ሲቆይ ነው ተብለን ነበርና ቀጠለች። በሦስተኛው ወር 5 ቀን ሆነ። አልጠፋም፤ ግን በወር ስድስት ቀን ተመለሰላት። ከዚህ ውስጥ ጥቂቱ የጀሪካኑ ክብደት ሊሆን እንደሚችል አሁን አውቃለሁ፤ በአንድ ሰው ላይ ለይቶ መመዘን አይቻልም። ቢሆንም ደብተሩ ባይኖር በመጀመሪያው ወር ትተነው ነበር።

በ2023 ከባሕሪ ስንወጣ ያ ደብተር በእጅ ቦርሳዋ ነበር። ፕሮፕራኖሎል በአንድ ጊዜ የሚቋረጥ መድኃኒት አይደለም፤ በተለይ የልብ ሕመም ላለበት ሰው አደጋ አለው። የቀራትን ክኒን ቆጥራ፣ መጠኑን ቀስ በቀስ እየቀነሰች በገዳሪፍ በኩል መተማ ደረስን። ጎንደር ላይ ያየናት ሐኪም ደብተሩን ገልጣ አንብባ፣ ሌላ ብዙ ጥያቄ ሳታስፈልጋት መድኃኒቱን እንደገና ጀመረችላት። ፓስፖርትና የልጆች የትምህርት ማስረጃ እንደሚያዝ ሁሉ የሕክምና ወረቀትም ይያዝ የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከመድኃኒት በፊት የሚቀድም ነገርም አለ። ውኃ በሰዓቱ መጠጣት፣ ምግብ አለመዝለል፣ የእንቅልፍ ሰዓት አለማዛባት፣ ከፀሐይ ነጸብራቅ ዓይንን መከለል ይረዳል። በቀን ሦስት ሲኒ ቡና የለመደ ሰው በድንገት ሲተው ራሱን እንደሚያመው አትርሱ፤ ጾም ከመግባቱ በፊት ጥቂት በጥቂት መቀነስ ይበጃል። ጠበልም ጸሎትም ዱዓም አይከለከልም፤ ግን የሐኪም ክኒን ሳይቋረጥ ይሁን።

ሁሉ ራስ ምታት ደግሞ ማይግሬን አይደለም። በቅጽበት እንደ መብረቅ የመታ፣ ከትኩሳትና ከአንገት መድረቅ ጋር የመጣ፣ እጅና እግርን ያዛለ ወይም አፍን ያኮላተፈ፣ ራስ ከተመታ በኋላ የጀመረ፣ ነፍሰ ጡር ላይ የመጣ ከባድ ራስ ምታት ቀጠሮ አይሰጥም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው። በወባ ወቅት ደግሞ ትኩሳት ያለበት ራስ ምታት በደም ምርመራ ይታይ።

ክቡራንና ክቡራት፣

ማኅበራችን እስከ ዛሬ የሞተ ቀብሯል፣ የታሰረ አስፈትቷል፣ የተቸገረ ረድቷል። ለሚመጡት ዓመታት ሁለት ትንንሽ ነገር ይጨምር ዘንድ አሳስባለሁ። አንደኛው፣ በየዓመቱ ከምናሳትመው የቀን መቁጠሪያ ጋር የሕመም ቀን የሚመዘገብበት አንድ ገጽ ይታተም፤ ወጪው ከአንድ ኪሎ ስኳር አይበልጥም። ሁለተኛው፣ ሐኪም ዘንድ ዐረብኛ ወይም እንግሊዝኛ የሚያስተረጉሙ ፈቃደኛ ወጣቶች ስም ዝርዝር ይዘጋጅ፤ ለሴቶች ሴት አስተርጓሚ ትኑር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። እህቶቻችን ሕመማቸውን የሚደብቁት ግን ወደው ሳይሆን የሚሰማቸው ስላጡ ነውና፣ መስማቱን ከእኛ እንጀምር።

ፈጣሪ ለሁለቱም አገሮቻችን ሰላም ይስጥልን። መልካም በዓል።